ዓፄ ያዕቆብ

ዓፄ ያዕቆብ (የዙፋን ስም፦ ዳግማዊ መለክ ሰገድ) በኢትዮጵያ ላይ ሁለት ጊዜ የነገሠ፣ በመካከሉ ከዙፋን ወርዶ የተጋዘ፣ በመጨረሻም ከባላንጣው ከዓፄ ሱስንዮስ ጋር ባደረገው የዙፋን ሽሚያ በጦር ሜዳ የሞተ ንጉሥ ነው። የመጀመሪያው ንግሥናው ከ1597 እስከ 1603 ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ1604 መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በጎል ጦርነት እስከ ሞተበት እስከ መጋቢት 1607 ድረስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የጎል ጦርነት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1599 ዓ.ም. ነው።)

ያዕቆብ ሲነግሥ ሕፃን፣ ሲሞትም ገና ወጣት ነበር። በእሱ ዘመን ያዕቆብ፣ ዘድንግልና ሱስንዮስ ሦስቱም የዓፄ ልብነ ድንግል ዘር መሆናቸውን እየጠቀሱ ዘውዱ ይገባናል ብለዋል። በአሥር ዓመት ውስጥም ሦስቱም በተራ ነግሠዋል። ከያዕቆብ ሞት በኋላ ደግሞ «ያዕቆብ እኔ ነኝ» ወይም «የያዕቆብ ልጅ ነኝ» የሚሉ ሰዎች ከሐማሴን ተራሮች እስከ ፓሪስ ድረስ ተነሥተዋል።

የዘር ሐረግ

የሦስቱም ተፎካካሪዎች መብት የሚመዘዘው ከአንድ ሰው ነው። ይህም ከ1508 እስከ 1540 የነገሠውና በአሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ) ጦርነት ወቅት ያረፈው ዓፄ ልብነ ድንግል ነው። ከልጆቹ መካከል ገላውዴዎስና ሚናስ ተከታትለው ነገሡ። ያዕቆብ የተባለው ሌላው ልጁ (የዚህ ጽሑፍ ባለ ታሪክ ሞክሼ) ሳይነግሥ ሞተ።

ዓፄ ሚናስ ሠርጸ ድንግልንና ልስነ ክርስቶስን ወለደ። ሠርጸ ድንግል የዓፄ ያዕቆብ፣ ልስነ ክርስቶስ የዘድንግል አባት ናቸው፤ ስለዚህ ያዕቆብና ዘድንግል የወንድማማች ልጆች ነበሩ። ሱስንዮስ ግን የተወለደው ካልነገሠው መስፍን ከያዕቆብ ልጅ ከፋሲለደስ ነው። በመሆኑም የዙፋኑ ጠብ በአንድ ቤት ውስጥ የተነሣ የሥጋ ዘመዶች ጠብ ነበር።

የያዕቆብ እናት ሐረጎ ትባል ነበር። አንዳንድ ምንጮች የሰሜን ቤተ እስራኤል ወገን እንደነበረች ይናገራሉ። የሠርጸ ድንግል ሕጋዊ ሚስት ንግሥት ማርያም ስና ስትሆን፣ ለንጉሡ የወለደችለት ሴቶች ልጆችን ብቻ ነበር። ወንድ ወራሽ ከሕግ ሚስት አለመገኘቱ ኋላ ለመጣው ጠብ በር ከፍቷል።

የዘመኑ ሁኔታ

በቀድሞው ዘመን የነገሥታት ዘር የሆኑ ወንዶች በአምባ ግሸን ይጠበቁ ነበር። ንጉሥ ሲሞት ተተኪው ከዚያ ይወርዳል፤ የቀሩት ከአምባው አይወጡም። ይህ አሠራር ለታሳሪዎቹ መከራ ቢሆንም የይገባኛል ባዮችን ቁጥር ይቀንስ ነበር። አምባው በ1540 በግራኝ ሠራዊት ተይዞ ከጠፋ በኋላ አሠራሩ ተቋረጠ። ዓፄ ፋሲለደስ ወህኒ አምባን ለዚሁ ተግባር እስኪያውል ድረስ መሳፍንቱ በየአገሩ ተበትነው፣ ጭፍራ እያበጁና ወዳጅ እያፈሩ ይኖሩ ነበር።

በዚያው ወቅት የመንግሥቱ መሬትም ተለውጦ ነበር። በዛሬው የባሌ፣ የአርሲና የሐረርጌ አካባቢ ይገኙ የነበሩት እንደ ባሌ፣ ደዋሮና ፈጠጋር ያሉ የቀድሞ ግዛቶች ከኦሮሞ መስፋፋት በኋላ ከንጉሡ እጅ ወጥተው ነበር። የነገሥታቱ መናገሻ ወደ ጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ ወደ ደምቢያና ወደ በጌምድር እያዘነበለ ሄደ። ከዚህ የተነሣ የደምቢያን፣ የበጌምድርንና የጎጃምን ጦር የያዘ መኰንን ንጉሥ ለማንገሥም ለመሻርም አቅም አገኘ። ሱስንዮስም ጦሩን ያደራጀው ከደቡብ ከኦሮሞ ጭፍሮች ጋር ነበር።

የሕፃን ንግሥና (1597–1603)

ዓፄ ሠርጸ ድንግል በ1597 ዐረፈ። መጀመሪያ ለአቅመ አዳም የደረሰውን የወንድሙን ልጅ ዘድንግልን ለመተካት አስቦ እንደነበር ይተረካል። ነገር ግን ንግሥት ማርያም ስናና አማቾቿ ራስ አትናቴዎስና የትግሬው ገዥ ክፍለ ዋሕድ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ የነበረውን ያዕቆብን መረጡ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። ዐዋቂ ንጉሥ ራሱ ይገዛል፤ ሕፃን ንጉሥ ግን ሞግዚት ያስፈልገዋል፣ ሞግዚቱም እነሱ ናቸው።

ሌሎቹ ተፎካካሪዎች ወዲያው ገለል እንዲሉ ተደረገ። ዘድንግል በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ታሰረ፤ በኋላ ግን አምልጦ ወደ ጎጃም ተራሮች ገባ። ሱስንዮስም ሸሽቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኦሮሞዎች ሄደ። አገሩ ለእሱ ባዕድ አልነበረም። በልጅነቱ አባቱ ፋሲለደስ በኦሮሞ ዘመቻ ሲገደል እሱ ተማርኮ ከአንድ ዓመት በላይ በመካከላቸው ኖሯል፤ ቋንቋቸውንና የውጊያ ስልታቸውንም ለምዷል። ይህ ዕውቀት ከዓመታት በኋላ ዘውድ አስገኘለት።

በእነዚህ ስድስት ዓመታት አገሪቱን በያዕቆብ ስም ይገዙ የነበሩት ንግሥቲቱና ራስ አትናቴዎስ ናቸው። ልጁ እያደገ ሲሄድ ግን በሞግዚቶቹ ቁጥጥር መቆየት አልፈለገም። ራስ አትናቴዎስን አንሥቶ ራስ ዘሥላሴን ከፍ አደረገ። ይህ ሹም ሽር ለወጣቱ ንጉሥ የመጀመሪያው የራሱ ውሳኔ ነበር፤ ያወረደውም እሱው ነው።

ከዙፋን መውረድና ግዞት

ራስ ዘሥላሴ በጦር ችሎታው የታወቀ፣ ለማንም ንጉሥ ግን የማይታመን ሰው ነበር። በ1603 ካከበረው ንጉሥ ላይ ተነሣ፤ ዘድንግልንም ከተደበቀበት አስመጥቶ አነገሠ። ያዕቆብ ወደ እናቱ ዘመዶች አገር ወደ ሰሜን ለመሸሽ ቢሞክርም ተያዘ።

በዘመኑ ከዙፋን የወረደ መስፍን አካሉ ከጎደለ ዳግመኛ መንገሥ አይችልም ነበርና፣ አፍንጫውንና ጆሮውን መቍረጥ የተለመደ ጥንቃቄ ነበር። በያዕቆብ ላይ ግን ይህ አልተፈጸመም፤ ሙሉ አካሉን እንደያዘ ወደ ሩቁ ደቡብ ምዕራብ ወደ እናርያ ተጋዘ። ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሶ ሊነግሥ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓፄ ዘድንግል አጭር ዘመን

ዘድንግል (የዙፋን ስም፦ አጽናፍ ሰገድ) ሁለት አደገኛ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ጀመረ። አንደኛው የግብር ጉዳይ ነው። ሰው ነፃ እንደሆነና ግብር የሚከፍለው መሬቱ እንደሆነ ዐወጀ። ዐዋጁ ገበሬውን ከመኳንንቱ ጫና ለማላቀቅ ያለመ ስለነበረ፣ በገበሬ ጕልበት የሚኖሩትን ባለ ርስቶችና ጭፍሮች አስቆጣ።

ሁለተኛው የሃይማኖት ጉዳይ ነው። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ትግሬ በሚገኘው በፍሬሞና ደርሶ ነበር። ንጉሡ አስጠርቶ ካነጋገረው በኋላ ወደ ካቶሊክ እምነት አዘነበለ፤ የቅዳሜን ሰንበት ማክበርንም ከለከለ። ፓኤዝ ራሱ ንጉሡ እንዳይቸኩል መክሮት እንደነበር ይነገራል።

ራስ ዘሥላሴ ይህን አጋጣሚ ተጠቀመ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ወታደሮችን ለንጉሡ ከገቡት የታማኝነት መሐላ ፈቱ፤ ንጉሡን ጥሎ መሄድ ከዚያ ወዲያ ኃጢአት መሆኑ ቀረ። ጥቅምት 24 ቀን 1604 በደምቢያ በባርቻ በተደረገው ውጊያ ዘድንግል ተገደለ።

ሁለት ንጉሥ፣ አንድ ዘውድ (1604–1607)

ከባርቻ በኋላ ዙፋኑ ባዶ ሆነ። ሱስንዮስ ጊዜ አላጠፋም፤ ከደቡብ ጦሩን ይዞ ወጣና ንጉሥ ነኝ ሲል ለራስ አትናቴዎስና ለራስ ዘሥላሴ ላከ። በያዕቆብ የተሻረው አትናቴዎስ ሱስንዮስን ተቀበለ። ዘሥላሴ ግን በግዞት ወዳለው ወደ ያዕቆብ ልኮ ነበርና ወላወለ። ያዕቆብ ከእናርያ መምጣቱ ሲሰማ መኳንንቱ ወደ እሱ ጎረፉ፤ አትናቴዎስም ሳይቀር ከሱስንዮስ ሸሸ። ሱስንዮስ በዚያው ሰሞን በብርቱ ታሞ ስለነበር ወደ ኋላ ከማፈግፈግ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

እንዲህ አገሪቱ ሁለት ንጉሥ ኖራት። ያዕቆብ ቀድሞ የነገሠ፣ የንጉሥ ልጅ፣ የጳጳሱ ድጋፍ ያለውና ብዙ ጦር ያሰለፈ ነበር። ሱስንዮስ አባቱ ያልነገሠ፣ ሠራዊቱም አነስተኛ ነበር፤ ነገር ግን ጦሩ ለዓመታት አብሮት የተንከራተተና በሱ የሚተማመን ነበር።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደተረከው፣ ያዕቆብ ባላንጣውን በስምምነት ለማስቆም ሞክሯል። ዐማራን፣ ወለቃንና ሸዋን ወስዶ ዘውዱን እንዲተውለት ሐሳብ ቢያቀርብም ሱስንዮስ አልተቀበለም። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በጦር ብቻ የሚፈታ ሆነ።

ሱስንዮስ የራስ ዘሥላሴን ጦር ሳይታሰብ አደጋ ጥሎ ድል አደረገው። ተሸናፊው ወደ ያዕቆብ ሲመለስ ግን በቀዝቃዛ ፊት ተቀበሉት። ቀድሞ ከዙፋን ያወረደውን ሰው ንጉሡ ሊያምነው አልቻለም፤ ዘሥላሴም ንቀቱን አልታገሠም። ከድቶ ወደ ሱስንዮስ ተሻገረ። ያዕቆብ በዚህ ብዙ ጦርና የጠላቱን መንገድ የሚያውቅ አዝማች አጣ።

የጎል ጦርነት

መጋቢት 10 ቀን 1607 ሁለቱ ወገኖች በደቡባዊ ጎጃም በጎል ተገናኙ። በቍጥር የያዕቆብ ጦር ይበልጥ ነበር። ሱስንዮስ ግን ቦታ መርጦ ስለተሰለፈ የጠላቱ ብዛት ሊጠቅመው አልቻለም፤ ግጥሚያው ሳይራዘም የያዕቆብ ሠራዊት ተፈታ። ያዕቆብ በጦር ሜዳው ወደቀ። አብረውት የዘመቱት አቡነ ጴጥሮስም እዚያው ተገደሉ።

ከውጊያው ይልቅ ሽሽቱ ብዙ ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል። ጨለማ ሲመጣ አገሩን የማያውቁ ፈረሰኞችና እግረኞች ወደ ገደል እየገቡ አለቁ። ሱስንዮስ የያዕቆብን ሞት እንደሰማ መግደሉ እንዲቆም አዘዘ። በባርቻ ዓፄ ዘድንግልን የገደለው ሰውም በዚህ ጊዜ ተይዞ በሞት ተቀጣ። አዲሱ ንጉሥ የገዛ ባላንጣውን አሸንፎ ቢነግሥም፣ ንጉሥ መግደል ግን ልማድ እንዲሆን አልፈለገም።

ራስ ዘሥላሴም አልቆየም። ሦስት ነገሥታት በእጁ እንደሚጠፉ ትንቢት ተነግሮለት ሁለቱን እንደጨረሰና ሦስተኛውን እንደሚጠብቅ በግብዣ ላይ ተናገረ ይባላል። ሱስንዮስ በጎጃም አሰረው፤ ከእስር አምልጦም ሸፍቶ ሳለ ተገደለ።

«ያዕቆብ አልሞተም»

በጎል በነበረው ግርግርና ጨለማ ምክንያት የያዕቆብን ሞት በዓይኑ ያየ ሰው ጥቂት ነበር። ወሬው ከዚህ ጀመረ። ከጦርነቱ ብዙም ሳይቆይ በደብረ ቢዘን ገዳም አንድ ሰው «እኔ ያዕቆብ ነኝ፤ ከጎል ቆስዬ አመለጥሁ» ብሎ ተነሣ። ፊቱ ላይ አስቀያሚ ቍስል እንዳለበት እየተናገረ ሁልጊዜ በጨርቅ ይሸፈን ነበር። በትግሬ ብዙ ሰው ተከተለው። የሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ደጋግሞ ቢያሸንፈውም ሰውየው በየጊዜው እያመለጠ በሐማሴን ተራሮች ይደበቅ ነበር።

ሱስንዮስ መጋቢት 18 ቀን 1608 በአክሱም ጽዮን የዘውድ ሥርዓቱን የፈጸመው ወደዚያው አገር በሄደበት ወቅት ነው። ሐሰተኛው «ያዕቆብ» በሚንቀሳቀስበት አገር፣ በጥንቱ የነገሥታት ሥርዓት መሠረት ዘውድ መጫን፣ እውነተኛው ንጉሥ ማን እንደሆነ ለሕዝቡ ማሳያ ነበር። ሰውየው በኋላ በአምሳለ ክርስቶስ ዘዴ ወደ እሱ በተጠጉ ሰዎች እጅ ተገደለ። ጭንቅላቱ ወደ ንጉሡ ሲመጣ ጨርቁ ተገለጠ፤ ፊቱ ላይ አንድም ጠባሳ አልተገኘም። ማን እንደነበረም ሳይታወቅ ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ አምዶ የተባለ ሌላ ሰው ያዕቆብ ነኝ ብሎ በሰሜን ከቤተ እስራኤል አለቃ ከጌዴዎን ዘንድ ተጠጋ። ያዕቆብ በእናቱ በኩል ከዚያ አገር ጋር ስሙ የሚነሣ መሆኑ ለሰውየው ሳይጠቅመው አልቀረም። ሱስንዮስ በሰሜን ላይ ብርቱ ዘመቻ አደረገ፤ ጌዴዎንም በመጨረሻ አምዶን አሳልፎ ሰጠ። በዚህ ዘመቻ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ከባድ እልቂት ደርሶበታል።

ጸጋ ክርስቶስ በአውሮፓ

ከሁሉ ሩቅ የተጓዘው የያዕቆብ ስም ወራሽ ጸጋ ክርስቶስ ነው። ይህ ወጣት በሱዳንና በግብፅ በኩል አልፎ በ1632 ኢየሩሳሌም ደረሰና የዓፄ ያዕቆብ ልጅ ነኝ አለ። በዚያ ከነበሩት የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኮሳት ጋር ተወዳጅቶ ወደ ካቶሊክ እምነት ገባ፤ በእነሱ ድጋፍም ወደ ሮም ሄደ። ከዚያ በጣልያን ከተሞች አልፎ በ1635 ፓሪስ ገባ። በዚያው ዓመት ጆቫና ጋርዞኒ የተባለችው ጣልያናዊት ሠዓሊ ትንሽ የፊት ሥዕሉን ሣለችው። በ1638 በፓሪስ አቅራቢያ በሩኤይ፣ ገና በወጣትነቱ፣ በሕመም ሞተ። በመቃብሩ ላይ ተጽፎ የነበረው ግጥም ንጉሥ መሆኑን ሲጠራጠር ይታያል።

የይገባኛል ጥያቄው ትልቁ ችግር የዕድሜው ስሌት ነው። ኢየሩሳሌም ሲደርስ ዕድሜው አሥራ ስድስት ገደማ እንደሆነ ይነገር ነበር፤ ይህም ልደቱን ወደ 1616 ያደርሰዋል። ዓፄ ያዕቆብ ግን የሞተው በ1607 ነው። ስለዚህ ወይ ዕድሜው፣ ወይ አባቱ የተባለው ሰው ትክክል አይደለም። ይሁን እንጂ አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቅ እውነተኛ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ እንደነበረ ጥርጥር የለም። አስተናጋጆቹም ቢሆኑ ነገሩን አጥብቀው ላለመመርመር ምክንያት ነበራቸው። በ1632 ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን የመንግሥት ሃይማኖት የማድረግ ሙከራውን ትቶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ አስረክቦ ነበር። ካቶሊክ የሆነ የኢትዮጵያ ዘውድ ወራሽ ለሮም በዚያ ሰዓት የተስፋ ጭላንጭል ነበር።

ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር

የያዕቆብ ዘመን ሽኩቻ በዓለም ታሪክ ብቸኛ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በጀርመን በንጉሥ ሄንሪክ አራተኛ ላይ መሳፍንቱ በ1077 የሽዋቢያውን መስፍን ሩዶልፍን አነገሡበት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1076 የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ሰባተኛ የሄንሪክን ተገዥዎች ከመሐላቸው ፈትቷቸው ነበር። አቡነ ጴጥሮስ በ1604 ያደረጉት ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል፦ በሁለቱም ስፍራ የንጉሥ ሥልጣን በመሐላ ላይ የቆመ ስለነበር፣ መሐላውን የመፍታት ሥልጣን ያለው የሃይማኖት አባት ዙፋኑን ሊያናጋ ይችል ነበር። ሩዶልፍም በ1080 ከጦርነት በደረሰበት ቍስል ሞተ።

«ሞተ የተባለው ንጉሥ አለ» የሚለው ወሬ ደግሞ በዚያው ዘመን በሩስያ ታይቷል። በልጅነቱ የሞተው መስፍን ዲሚትሪ ነኝ ያለ ሰው በ1605 ሞስኮ ገብቶ ነገሠና በ1606 ተገደለ። በ1607 ደግሞ ከግድያው ያመለጥሁት ዲሚትሪ እኔ ነኝ የሚል ሁለተኛ ሰው ተነሣ። በሁለቱም አገር ወሬውን ያጠናከረው ገዥው ንጉሥ በአዲስነቱ ገና በሁሉም ዘንድ ያልታመነ መሆኑ ነው።

የታሪክ ምንጮችና አተያይ

ስለ ያዕቆብ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከአሸናፊው ወገን ነው። አባ መሀረከ ድንግልና ዐዛዥ ጢኖ (ተክለ ሥላሴ) በግእዝ የጻፉት የዓፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕል ዋናው ምንጭ ሲሆን፣ የሚተርከው የጌታውን መነሣት በመሆኑ ያዕቆብ የሚታየው የንጉሡ መሰናክል ሆኖ ነው። ፓኤዝና አልሜይዳን የመሳሰሉ ኢየሱሳውያን ጸሓፊዎችም ነገሩን የሚያዩት በካቶሊክ ሚሲዮን ዕጣ በኩል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ብሩስም ከእነዚሁ ምንጮች ቀድቷል።

ስለዚህ ያዕቆብ ምን ዓይነት ንጉሥ ሊሆን ይችል እንደነበር ከምንጮቹ ማወቅ ይከብዳል። በመጀመሪያው ንግሥናው ሌሎች ገዙለት፤ በሁለተኛው ደግሞ ዘመኑ በጦርነት አለቀ። በራሱ እንደወሰነ በግልጽ የሚታወቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ሞግዚቱን መሻሩ፣ ዘሥላሴን መሾሙ፣ ከግዞት ሲጠሩት መመለሱና ለባላንጣው አገር ከፍሎ ለመስጠት መሞከሩ። እነዚህም ቢሆኑ የሚያሳዩት፣ አንጋሾቹ መኳንንት ከንጉሡ በላይ ኃይል በነበራቸው ጊዜ ዘውዱን ለመጠበቅ የታገለ ወጣትን ነው።

የጎል ጦርነት የረዥም ጊዜ ውጤት ከያዕቆብ ዕጣ ይሰፋል። ከሱስንዮስ በኋላ ልጁ ፋሲለደስ ነግሦ የጎንደርን ከተማ መናገሻ አደረገ፤ የጎንደር ነገሥታት የዘር ሐረግም ከሱስንዮስ የሚቀጥል ሆነ። ፋሲለደስ የመሳፍንቱን እስር በወህኒ አምባ መልሶ ሲያቋቁም፣ ያዕቆብ፣ ዘድንግልና ሱስንዮስ የተፋጁበት ዘመን እንዳይደገም መንገዱን መዝጋቱ ነበር።